ከኮርኒሹ ባሻገር

ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ የኾበር ኮርኒሽ መልኩ ይለወጣል። ቀኑን ሙሉ ሙቀት ያባረረው ሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይመለሳል። በሣሩ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ሻይና ቡና በፔርሙስ ይወጣል፤ ልጆች በብስክሌት ይሯሯጣሉ፤ ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ ዓሣ አጥማጆች መንጠቋቸውን ይወረውራሉ። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል አማርኛ የሚሰማባቸው ምንጣፎችም አይጠፉም። ረከቦቱና ከሰሉ ባይኖሩም አቦል፣ ቶና፣ በረካ በወረቀት ኩባያ ሥርዓቱን ሳያጓድል ይዞራል። ወሬው ስለ ኢቃማ እድሳት፣ አገር ቤት ስለተላከ ገንዘብ፣ ስለ ታመመች እናት፣ ስለምትዳር እኅት ነው። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሰው ወደ መስጂድ ይሄዳል፤ ከዒሻ በኋላ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ሁሉም ወደየማደሪያው ይበተናል።

ይህን የመሰለውን ዕረፍት ማቃለል አይገባም። ከአገሩ የራቀ ሰው የቋንቋውን ሰው አግኝቶ አንድ ምሽት መጫወቱ ራሱ መድኃኒት ነው። የሚያሳዝነው ሌላ ነገር ነው። በደማምና በኾበር አሥር ዓመት ኖሮ ከሥራ ቦታው፣ ከመስጂዱ፣ ከገበያ ማዕከሉና ከኮርኒሹ በቀር ሌላ ቦታ ሳያይ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ጥቂት አይደለም። አገር ቤት ገብቶ ዘመድ ወዳጁ «የኖርክበት አገር ምን አለው?» ብሎ ሲጠይቀው «ባሕርና ነዳጅ» ብሎ ዝም ይላል።

መልሱ ከዚህ የሰፋ ነው። ከነዳጁም መጀመር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በማርች 1938 በዳህራን ኮረብታ «የደማም ቁጥር 7» የተባለው ጉድጓድ፣ ብዙ ከተደከመበትና ተስፋ ሊቆረጥበት ከተቃረበ በኋላ፣ ነዳጁን ሰጠ። የምሥራቁ ዳርቻ ሕዝብ እስከዚያ ድረስ ኑሮው ዓሣ ማጥመድ፣ ቴምር ማልማትና ሉል ፍለጋ ባሕር መጥለቅ ነበር፤ ደማምና ኾበር ከትንንሽ የባሕር ዳር መንደሮች ተነሥተው የዛሬዎቹን ከተሞች የሆኑት ከዚያ ወዲህ ነው። ጉድጓዱ ዛሬ «ቢእሩል ኸይር»፣ የኸይር ጉድጓድ፣ ተብሎ ይጠራል። ከእርሱ ብዙም ሳይርቅ አራምኮ የንጉሥ ዐብዱል ዐዚዝ የዓለም ባህል ማዕከልን አቆመ። የመሠረት ድንጋዩ በ2008 በንጉሥ ዐብደላህ ተቀመጠ፤ በዲሴምበር 2016 በንጉሥ ሰልማን ተመረቀ። ሕዝቡ በአጭሩ «ኢሥራ» ይለዋል።

በስሙ ላይ አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። አማርኛ በምላስ ጫፍና በጥርስ መካከል የሚነገረው የአረብኛ ድምፅ ስለሌለው፣ ይህን ስም ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የሌሊት ጉዞ፣ ከኢስራእ፣ ጋር የሚያገናኘው ሐበሻ አለ። ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ማዕከሉ የተሰየመበት ቃል ማበልጸግ ማለት ነው። ነዳጅ ያበለጸገው አገር፣ ነዳጁ በተገኘበት ሥፍራ፣ ሌላ ዓይነት ብልጽግና ማሰቡ በስሙ ላይ ተጽፏል ማለት ነው።

ንድፉን ያወጣው ስኖሄታ የተባለው የኖርዌይ ድርጅት ነው፤ በግብፅ አዲሱን የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት የነደፈውም እርሱ ነው። ሕንፃው ከሩቅ ሲታይ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው የቆሙ ትልልቅ ጠጠሮች ይመስላል። ላዩ ወደ 350 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ የማይዝግ ብረት ቱቦ ተጠምጥሞበታል። ቤተ መዘክሩ ከምድር በታች፣ ማማው ከምድር በላይ ነው፤ ያለፈው ከታች፣ የሚመጣው ከላይ እንዲሆን ታስቦ።

ስለ ሕንፃው ይህን ያህል ከተባለ ይበቃል። ሕንፃ ማድነቅ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰውም ከፊቱ ቆሞ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ቁም ነገሩ ያለው ከበሩ ወዲያ ነው። ወደ ማዕከሉ ለመግባት ክፍያ አይጠየቅም፤ ቲኬት የሚቆረጠው ለአንዳንድ ትርኢትና ዝግጅት ነው። ውስጡ ቤተ መዘክር፣ ቲያትር፣ ሲኒማና የሕፃናት ሙዚየም አለው። ቤተ መጻሕፍቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ይዟል፤ አብዛኞቹ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ናቸው። አረብኛን ከቁርኣን ጀምሮ የተማረ፣ ግን የመንገዱን አረብኛ ብቻ ይዞ የቀረ ሐበሻ ወጣት በዚህ ክልል ብዙ ነው። ፊደሉን ያውቃል፤ ሐረካት ሳይደረግበት ለማንበብ ይቸገራል። ለእንዲህ ያለው ወጣት በልጆች መደርደሪያ ፊት አንድ ከሰዓት በኋላ መቀመጥ፣ ማንም ሳያፍርበት፣ ትልቅ ትምህርት ነው። እዚያው አንድ የአማርኛ መደርደሪያ ቢታሰብም የሚያነበው አይጠፋም።

በዚህ ማዕከል ውስጥ ከተደረጉት ሁሉ ለአማርኛ ተናጋሪው ሙስሊም የቀረበው በጁላይ 2022 የተከፈተው የሂጅራ ትርኢት ነበር። ትርኢቱ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ወደ መዲና ጉዞ በቅርሳ ቅርስ፣ በፊልምና በዘመን ሥነ ጥበብ፣ ጎብኚውን ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ እየመራ ያሳየ ነው፤ ወደ ሌሎች ከተሞችም እንዲዘዋወር ሆኖ ተዘጋጅቷል። መንገዱን በእግራቸውና በካርታ ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ ምሁራን ያወቁት ነገር ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ቀረበ። የመዲናው ሂጅራ ግን የመጀመሪያው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ የቁረይሾች በደል ሲበረታ፣ የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ቀይ ባሕርን ተሻግረው የተጠጉት በሐበሻው ንጉሥ በነጃሺ ነው። ይህን ከየትኛውም የወሎ መድረሳ የወጣ ልጅ ያውቀዋል። በደማም ተወልዶ ያደገው ልጅ ግን ያውቀዋል ወይ? አንድ አባት ልጁን ይዞ በዚያ አዳራሽ ቢያልፍ፣ ልጁ ካርታውን አይቶ «ባሕሩን ተሻግረው የሄዱት ወደ እኛ አገር ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም ነበር። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥበት አጋጣሚ ለአባት በየቀኑ አይገጥመውም።

የፊልሙ ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ የዚህን ክልል ጠባይም ያሳያል። የሳዑዲ የፊልም ፌስቲቫል በደማም ሲጀመር ዘመኑ 2008 ነበር። በዚያ ጊዜ በመላው አገር ለሕዝብ የተከፈተ ሲኒማ ቤት አልነበረም። በደማም ያለው የባህልና የሥነ ጥበብ ማኅበር ግን ወጣቶች በየቤታቸው የሚሠሯቸውን ፊልሞች አሰባስቦ አሳየ። ሁለተኛው ፌስቲቫል እስኪደርስ ሰባት ዓመት ወሰደ፤ በ2015። ከዚያ በኋላ ግን ቀጠለ፤ ኋላም መድረኩን ወደ ኢሥራ አዛውሯል። ሲኒማ ቤቶች የተከፈቱት በ2018 ነው። ማሳያ አዳራሽ ሳይኖር ፌስቲቫል ማዘጋጀት ጉድጓዱ ውኃ ሳያወጣ ባልዲ እንደ መግዛት ሊቆጠር ይችላል፤ ውኃው ሲወጣ ግን ባልዲው ተዘጋጅቶ የተገኘው በደማም ነው።

ከዚያ በፊት የምሥራቁ ነዋሪ ፊልም ማየት ሲሻ መንገዱ የንጉሥ ፋህድ ድልድይ ነበር። በኖቬምበር 1986 የተከፈተው ይህ ድልድይ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕር ላይ ተዘርግቶ ኾበርን ከባሕረይን ያገናኛል። በየሳምንቱ መጨረሻ የመኪናው ሰልፍ ወደዚያ ያዘነብል ነበር፤ አንድ ቤተሰብ ለሁለት ሰዓት ፊልም የድንበር ኬላ ያልፍ ነበር። ዛሬ በድልድዩ መካከል ባለችው ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ቆሞ መኪኖቹን የሚመለከት ሰው እንቅስቃሴውን በሁለቱም አቅጣጫ ያየዋል። ደሴቲቱ ራሷ የማታ መናፈሻ ናት፤ ከኬላው በፊት እስካሉ ድረስም ፓስፖርት ሳይመታ ተመልሶ መምጣት ይቻላል።

ባሕረይን የሚለው ስም በራሱ የሚያስቆም ነው። በሐዲስ መጻሕፍት «ባሕረይን» ሲባል የዛሬዋ ደሴት ብቻ አይደለችም፤ ይህ የምሥራቅ ዳርቻ በሙሉ፣ ቀጢፍም አል-አሕሳም፣ በዚያ ስም ይጠራ ነበር። የዐብዱል ቀይስ ልዑካን ወደ መዲና የሄዱት ከዚህ ምድር ነው። በሰሒሕ አል-ቡኻሪ ከኢብኑ ዐባስ እንደተዘገበው፣ ከመልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ቀጥሎ የጁምዓ ሶላት በመጀመሪያ የተሰገደው በእነዚሁ ሰዎች መስጂድ፣ በጁዋሣ ነው። ሐዲሱን በልጅነቱ ሸይኹ ፊት ቁጭ ብሎ የሰማ፣ አሁን በደማም በሾፌርነት ወይም በግንባታ ሥራ የሚኖር ሰው፣ ጁዋሣ ከሚኖርበት ከተማ በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ እንኳ እንደማይሞላ ብዙ ጊዜ አያውቅም። ይህ ቁጭት ነው። መካና መዲና ለዑምራና ለዝያራ የሚሄድ ሰው በራሱ ክልል ያለውን አለማየቱ የማወቅ ፍላጎት ማጣት አይመስልም፤ የሚነግረው ሰው ማጣት ነው።

ጁዋሣ ያለው በአል-አሕሳ ነው። ከደማም ወደ ሪያድ የሚሄደው ባቡር በመንገዱ ላይ ሁፉፍ ይቆማል፤ ሐዲዱ በ1951 የተከፈተ፣ ለአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ መስመር ነው። ለኢትዮጵያዊ ባቡር ማለት የድሬዳዋ ትዝታ ነውና ጉዞው በራሱ ሽርሽር ይሆናል። በአንድ በኩል አሸዋ፣ በሌላ በኩል የነዳጅ መስመር፣ ቀጥሎ በድንገት አረንጓዴ። አል-አሕሳ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ የቴምር ዛፍ ያለበት የዘንባባ ምድር ነው፤ ዩኔስኮ በ2018 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በአል-ቃራ ተራራ ያሉት ዋሻዎች በበጋው ትኩሳት እንኳ ቀዝቃዛ ናቸው። በእሳት ተቃጥሎ እንደገና የተሠራው የቀይሰሪያ ገበያ ቢሽት ሰፊውን፣ ቅመም ሻጩን፣ የአሕሳን ቀይ ሩዝ የሚሰፍረውን በጠባብ መተላለፊያዎቹ ደርድሮ ይዟል። ከሐረር የመጣ ሰው በዚህ ገበያ ሲገባ እግሩ መንገዱን የሚያውቀው ይመስለዋል። የጁዋሣ መስጂድ ዛሬ የሚታየው በኋላ ዘመን በታደሰ መልኩ ነው፤ ትንሽ፣ የጭቃ ግድግዳ ያለው፣ ዝምተኛ። ከትልልቆቹ መስጂዶች ግርማ በኋላ ትንሽነቱ ራሱ ልብ ይነካል።

ክረምቱ ሲገባ፣ ማለትም ከኖቬምበር በኋላ፣ የምሥራቁ ሰው ሌላ ሽርሽር አለው፤ ከሽታ ይሉታል። ቤተሰብና ጓደኛ ድንኳን ጭኖ ወደ በረሃ ይወጣል። እሳት ይነዳል፣ ካብሳ ይሠራል፣ የአረብ ቡና ይፈላል፣ ሽማግሌዎች ግጥም ይላሉ። ከተሜው ልጅ አያቱ የኖረበትን ሕይወት ለሁለት ሌሊት ይቀምሰዋል። ሐበሻው በዚህ ጨዋታ ብዙ ጊዜ አለ፤ ግን ሾፌር ወይም አብሳይ ሆኖ ነው። የራሱን ድንኳን ይዞ የወጣ ማኅበር ብርቅ ነው። ነገሩ ግን ለገጠር ሰው እንግዳ አይደለም። ሜዳ ላይ እሳት ዙሪያ ማደር፣ ቡና አፍልቶ ዱዓ ማድረግ፣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ውዳሴ መንዙማ ማዜም በወሎና በጅማ የታወቀ ነው። የሚያስፈልገው አንድ መኪና፣ አንድ ድንኳን፣ ለድንኳን የተፈቀደውን ሥፍራ መጠየቅና ሲመለሱ ቆሻሻን ሰብስቦ መምጣት ብቻ ነው።

ታዲያ ሰዉን ከነዚህ ሁሉ ቦታዎች የሚያስቀረው ምንድን ነው? የራስን ደጅ አለማየት የስደተኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። አዲስ አበባ ተወልዶ ሸምግሎ፣ ድንቅነሽ ያለችበትን ብሔራዊ ሙዚየም ያልረገጠ ሞልቷል። በሐረር አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው የእጅ ጽሑፎችንና ጥንታዊ ዕቃዎችን ሰብስበው ሙዚየም ሲያቆሙ፣ የውጭ ጎብኚ ከሩቅ አገር ድረስ ይመጣ ነበር፤ ጎረቤት የሆነው ሰው ግን ነገ እሄዳለሁ እያለ ዓመት ያሳልፋል። «ሙዚየም የቱሪስት ነው» የሚለው ሐሳብ ከአገር ቤት አብሮ ይመጣል። በደማም ላይ ሌላ ይጨመርበታል፤ «ያ ትልቅ ሕንፃ የአገሬው ነው፣ እኛን ምን ያስገባናል?» የሚለው። በሩ ላይ ግን እንዲህ ብሎ የሚመልስ የለም። የሚመልሰው በሰዉ ልብ ውስጥ ያለው ዘበኛ ነው።

ይህ ግን ሙሉ መልስ አይደለም፤ ጥፋቱን ሁሉ በሠራተኛው ላይ መጫንም ፍትሐዊ አይሆንም። ለሽርሽር ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ቀን ነው። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ ለሠራተኛው በሳምንት ከ24 ተከታታይ ሰዓት የማያንስ፣ ደመወዙ የማይቀነስበት ዕረፍት ይደነግጋል። ደንቡ ግልጽ ነው። ብዙ አሠሪም ያከብረዋል። ነገር ግን ዕረፍት ማለት በሩ ተዘግቶ በክፍል ውስጥ መተኛት ብቻ ሆኖ የሚተረጎምበት ቤት አሁንም አለ፤ ቀኑ ተሰጥቶ መውጣቱ ካልተፈቀደ የተሰጠው ግማሹ ነው። ከአሠሪው ጋር ተመካክሮ፣ ማን ጋር እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ተናግሮ መውጣት ሥጋቱን ያቃልላል። እዚህ ላይ ጀማዓው ሥራ አለው። ነባሮቹ እናቶችና አባቶች፣ በቤተሰብ የሚኖሩት፣ መኪና ያላቸው፣ አረብኛውን አቀላጥፈው የሚናገሩት፣ አዲስ የመጡትን እኅቶች በወር አንድ ጊዜ ሰብስበው ወደ አንድ ቦታ ቢወስዱ አሠሪውም ልቡ ያርፋል።

ለልጆቹ ደግሞ ጊዜ አይጠብቅም። በደማምና በኾበር የሚያድገው የሐበሻ ልጅ በመንገድ አረብኛ፣ በስልኩ እንግሊዝኛ፣ በቤት ውስጥ ከእናቱ አማርኛ እየሰማ በሦስቱም ጎደሎ ሆኖ ሊያድግ ይችላል። ወይም ሦስቱንም ሊያገኝ ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ዓርብ ከሰዓት በኋላ የት ይዋላል የሚለው ነው። በኾበር ኮርኒሽ ላይ ያለው ሳይቴክ የተባለው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማዕከል ልጅ በእጁ እየነካ የሚማርበት ነው። ምንጣፉን ይዞ በየሳምንቱ በአጠገቡ የሚያልፍ ቤተሰብ አንድ ቀን ከምንጣፉ በፊት ወደዚያ ቢጎራበት፣ ልጁ በቀጣዩ ሳምንት ራሱ ይጎትተዋል። በቀጢፍ በኩል ደግሞ ታሩት አለች፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ሺህ ዓመት ሰው ይኖርባት የነበረች ደሴት ናት። ከአሮጌው ምሽግ ሥር ቆሞ የዚህ ባሕር ንግድ ከስንት ሺህ ዓመት በፊት እንደጀመረ ለልጅ መንገር ቲኬት አያስቆርጥም።

ብዙ ሐበሻ ሴት ኢሥራን አይታዋለች፤ ይህ መረሳት የለበትም። ያየችው ግን የአሠሪዎቿን ልጆች ይዛ ነው። ሕፃናቱ ሙዚየም ውስጥ ሲሮጡ እርሷ ከመግቢያው አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ጫማቸውን፣ ጃኬታቸውን፣ የውኃ ጠርሙሳቸውን ታቅፋ ትጠብቃለች። ከጀርባዋ ባለው አዳራሽ ከአራቱ የዓለም ማዕዘን የመጣ ጥበብ ተሰቅሏል። እመቤቲቱ ቦርሳውን ተቀብላ «ልጆቹን እኔ አያለሁ፣ አንቺ አንድ ሰዓት ዞረሽ ተመልከቺ» ለማለት የሚያስፈልጋት ደንብም በጀትም የለም።